«እርስዎ» ያለችው ዕለት

ባለፈው ሳምንት ውድነሽን የተውናት በረንዳው ላይ ከንፈሯን ነክሳ ቆማ ነው። ዛሬም እዚያው ናት። ለምን እንደ ቆመች ለረሳ፣ ወይም መጽሔቱን ጎረቤት ተውሶ ላስቀረበት አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ላስታውስ።

ውድነሽ የግራዝማች ሣህሌ አንድ ልጅ ናት። ግራዝማች በኢተያ በኩል ሰፊ የስንዴ መሬት፣ አሰላ ከተማ ላይ ደግሞ በአጥር የተከበበ ትልቅ ቤት አላቸው። ጉደታ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነው፤ የኦሮምኛውን ወደ አማርኛ፣ የአማርኛውን ወደ ኦሮምኛ እያመላለሰ ይኖራል። አባቱ ቱሳ እስኪሞት ድረስ የግራዝማች ጢሰኛ ነበር። ጉደታና ውድነሽ ከጥምቀት ወዲህ በዓይን፣ ከፋሲካ ወዲህ በቃል ይፈላለጋሉ። ይህን የማያውቅ ሰው በአሰላ ቢኖር ግራዝማች ብቻ ነበሩ።

ማክሰኞ ዕለት ግን ጉድ ተሰማ። ግራዝማችና ከዲሮ የሚባሉ የአገሩ ሽማግሌ ከብት ወደ ወንዝ በሚወርድበት መንገድ ተካሰው ችሎት ፊት ቆመው ሳለ፣ ጉደታ አፉን ሞልቶ ግራዝማችን «አንተ» አላቸው። ወሬውን ለውድነሽ ያደረሱት የአባቷ ታናሽ እህት እትዬ አባይነሽ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ወሬ ሲያደርሱ ቅመም አይሰስቱም።

እነሆ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ጉደታ በአጥሩ ጥግ መጣ። ከጭላሎ የወረደው ጉም መንገዱን ሸፍኖት ስለ ነበር መጀመሪያ የታየው ባርኔጣው ነው። ባርኔጣውን እንደ ወትሮው አወለቀና፣

«እንደምን ዋልሽ፣ ውድዬ?» አላት።

ውድነሽ ልትሰድበው ነበር ያሰበችው። ስድቡንም ሁለት ቀን ሙሉ ስታሰማምር ሰንብታለች። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንደምን ዋሉ?»

ጉደታ ባርኔጣውን እንደ ያዘ ቀረ።

«ምን አልሽኝ?»

«እንደምን ዋሉ ነው ያልኩዎ። ጆሮዎን ያምዎታል?»

«ኧረ ጆሮዬስ ገና ዛሬ ዳነ!» አለና ሳቀ።

ውድነሽ ግራ ገባት። በእሷ ቤት ይህን ቃል የተባለ ሰው ይጠቁራል፣ ይገረጣል፣ አንገቱን ይደፋል እንጂ አይስቅም። አልገባው ይሆናል ብላ ጨመረችበት።

«ሥራ ይኖርዎታል። ከመንገድዎ አላስቀርዎት።»

«እሄዳለሁ፣ አሁኑኑ እሄዳለሁ» አለ፣ ፊቱ እንደ በራ። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ወደ አርቦዬ ተዛውሬያለሁ፤ ሰኞ እነሳለሁ። ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር፣ በፍርሃት እየተንቀጠቀጥሁ። አንቺ ግን ሳልጠይቅሽ መለስሽልኝ። እሁድ ለአባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«እንደ ፈቀዱ» አለች ውድነሽ።

ጉደታ አመስግኗት፣ የመንገዱን ቦይ እንደ ሕፃን ዘሎ በጉሙ ውስጥ ጠፋ። ውድነሽም ተሳለቀብኝ ብላ ደመደመች። ተከትላው ሄዳ «ምን ያስቅሃል?» ብትለው ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። እሷ ግን ጓዳ ገብታ አለቀሰች። የከፋት የእሱ መሳቅ ብቻ አልነበረም፤ አፏ እሷን ሳያማክር መናገሩም አስፈራት።

በማግስቱ ምሳ ላይ ግራዝማች ቀና ሳይሉ፣

«ውሃውን ያቀብሉኝ፣ ወይዘሪት» አሏት።

ውድነሽ ማሰሮውን አንስታ አቀበለቻቸው። የጉደታ ነገር ከአባቷ ጆሮ ደርሷል ማለት ነው። እሳቸው ሲቆጡ አይጮሁም፤ በትር አንስተውም አያውቁም። «እርስዎ» ይላሉ። በዚያ ቤት በር የሚዘጋው በዚህ ቃል ነው፤ አንዴ ከተዘጋ ማንም አያንኳኳም።

ውድነሽ ቃሉን ከአባቷ አፍ መጀመሪያ የሰማችው ገና የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ ነው። የበረቱን በር ከፍታ ረስታ፣ የአባቷ ፈረስ ወጥቶ ገደል ገባ። ያን ጊዜ አባዬ ነበር የምትላቸው፤ ጭናቸው ላይ ወጥታ «አንተ አባዬ» እያለች ጢማቸውን ትጎትት ነበር። የዚያን ዕለት ግራዝማች ዝቅ ብለው አዩአትና «በሩን የከፈቱት እርስዎ ነዎት?» አሏት። ሕፃኗ ዞር ብላ ኋላዋን አየች። የትኛው ትልቅ ሰው እንደ ገባ ልታይ ነው። ማንም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እሷም «እርስዎ» አለቻቸው፤ «አባዬ»ም «አባባ» ሆነ።

እናቷ ወይዘሮ ተሻለችም ከዚህ ቃል ሳትወጣ ነው ያረፈችው። ባልና ሚስቱ በምን እንደ ተጣሉ እንኳ የሚያስታውስ የለም። በመጨረሻ ሕመሟ ጊዜ ግራዝማች አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ ውድነሽ በዓይኗ አይታለች። ብዙ ሊሉ ፈልገው ነበር። ያሉት ግን «እግዜር ይማርዎ» ብቻ ነው።

ምሳ ተነስቶ ግራዝማች ሲወጡ፣ እትዬ አባይነሽ የውድነሽን ክንድ ያዙ።

«ትናንት ለዚያ ልጅ ስትመልሺለት በመስኮት ሰማሁሽ» አሉ። ዛሬ ቅመም የለበትም፤ ድምፃቸው ሌላ ሆኗል። «ወንድሜ ከመንገድ የተመለሰ መስሎኝ ደንግጬ ተነሳሁ። ወጥቼ ባይ አንቺ ነሽ።»

«እኔ?»

«ድምፅሽ፣ የአንገትሽ አቀናን ሳይቀር። እሱም ቢሆን ከሌላ አላመጣውም። አባታችን በልጅነቱ እርስዎ ብለውት፣ ሳይታረቁት ሞቱ። የቀብሩ ዕለት ሣህሌ እጄን ይዞ 'እኔ ልጄን እንዲህ አላደርግም' ብሎ ምሎልኝ ነበር። ምስኪን፣ ዛሬ ድረስ መሐላውን የጠበቀ ይመስለዋል።»

ውድነሽ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች።

«የእጁን አገኘ፣ ምን ይሁን» አሉ እትዬ አባይነሽ። «ከሚስቱ ከተሻለች ሞት ወዲህ ማን አንተ ይለዋል? ጎረቤቱ እርስዎ፣ ሎሌው እርስዎ፣ አንቺ እርስዎ። እኔ እንኳ እሱ የምለው ከኋላው ነው፤ ፊት ለፊት አልደፍርም። በሰው ላይ የዘጋው በር ዞሮ እሱኑ ቆለፈበት። አንቺ ገና ልጅ ነሽ ብዬ ነው የምነግርሽ።»

ውድነሽ እጆቿን አየች። የአባቷ እጆች ናቸው፤ ረጃጅም፣ ጣታቸው ቀጭን። ሰው ሁሉ ሲያመሰግናቸው የኖረ እጆች ናቸው። አብሯቸው ሌላም ነገር እንደ ወረሰች ግን ማንም ነግሯት አያውቅም ነበር። ፈራች፤ ግን አክስቷን ስማ አመሰገነች።

ቅዳሜ ገበያ ወጣች። ቅቤ ተራ ስትደርስ አንዲት ጠይም፣ ቀጭን ሴትዮ ዘንቢላቸውን ጥለው ተንደርድረው መጡና አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ።

«አንተ! የሣህሌ ልጅ አንተ ነህ!»

እማማ ብርቄ ነበሩ፣ የጉደታ እናት፣ ለእሁዱ ጉዳይ ከኢተያ በአውቶቡስ የመጡ። በእማማ ብርቄ አማርኛ ወንዱም አንተ፣ ሴቷም አንተ ናት። በኦሮምኛ አንዷ «አቲ» ለወንድም ለሴትም ስለምትበቃ፣ አማርኛም ላይ ሌላ መጨመር አላስፈለጋቸውም።

«ገለቶሚ! እግዜር ይስጥህ! ልጄን አከበርክልኝ» አሉ፣ ጉንጯን እያገላበጡ እየሳሙ። «ጉደታ ቤት መጣ። 'እማዬ፣ የሣህሌ ልጅ እርስዎ አለችኝ' አለ። ሳቀ። ከዚያ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።»

«አለቀሰ?»

«እንዴት አያለቅስ? ቱሳ፣ ባሌ፣ ሽበት አውጥቶ ሞተ። በየቢሮው ደጅ ትናንት የተወለደ ጸሐፊ 'ና አንተ፣ ውጣ አንተ' ይለው ነበር። ጉደታ ትንሽ ልጅ ሆኖ አብሮት ይቆም ነበር፣ ይሰማ ነበር። አሁን ሲያስተረጉም፣ እነሱ ሽማግሌውን አንተ ሲሉ፣ እሱ 'ኢሲን' ብሎ ይለውጣል። ኢሲን ማለት እርስዎ ነው። ዳኛው አያውቅ፣ ጸሐፊው አያውቅ። ሽማግሌው ግን ተከበርኩ ብሎ ቤቱ ይገባል። ለራሱ ግን ማን ይለውጥለት? አንተ እርስዎ አልክለት! አንተ ዕድሜህ ይርዘም!»

ውድነሽ ድንጋይ ብላ የወረወረችውን እነዚህ ሰዎች ዳቦ ብለው ተቀብለዋታል። «እርስዎ» ብላ ልታርቀው ያሰበችው ሰው እናት «አንተ» ብለው አቅፈዋታል። እቅፋቸው ውስጥ እንዳለች አፈረች። ከእፍረቱ ሥር ግን ስም ያጣችለት ሙቀት ተሰማት፤ ቆይታ ስታስበው ምስጋና ነበር።

በቀጥታ ወደ ጉደታ ሄደች። ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ ጥዱ ሥር የእንጨት ሳጥኑን በገመድ እያሰረ ነበር። ሲያያት ባርኔጣውን አወለቀ።

ዝም ብትል ማን ያውቅባት ነበር? ምርቃቱን ተቀብላ፣ ክብሩንም ተሸልማ መኖር ትችል ነበር። አንባቢዬ፣ እኔ ብሆን ዝም የምል ይመስለኛል። ውድነሽ ግን ዝምታ ያሳደገውን ቤት ታውቀዋለች።

«ጉደታ፣ ያ እርስዎ ያልኩህ... ክብር አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ነበር?»

«ኩርፊያ። እኛ ቤት ሲቆጡ እንደዚያ ነው የሚባለው። አባባን አንተ አላቸው ሲሉኝ ልሰድብህ ነበር፤ ከአፌ የወጣው እሱ ሆነ። ከሩቅ ልጥልህ ነው እንዲያ ያልኩህ።»

ጉደታ ባርኔጣውን አጠለቀ። ፊቷ ቆሞ ባርኔጣ ሲያጠልቅ የመጀመሪያው ነው፤ ውድነሽን ከስድብ ይልቅ ያ አመማት።

«እኔ እኮ በቋንቋ ነው የምበላው» አለ በቀስታ። «አንዲቷን ቃል ግን ገልብጬ ሰማኋት። ለእናቴም ነገርኳት።»

«አውቃለሁ። አሁን ገበያ ላይ አቀፉኝ። ለዚህ ነው መዋሸት ያቃተኝ።»

«ስለ አባትሽ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«እኛ ቤት አይጠየቅም።»

ጉደታ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። «ከዲሮ ያሉት 'ሣህሌ፣ አቲ ና ቤክታ' ነው። ሣህሌ፣ አንተ ታውቀኛለህ። በልጅነታቸው አንድ ፈረስ ላይ ተፈናጠው ነው ያደጉት፤ ታውቂያለሽ? እኔ ሁልጊዜ ቃል እለውጣለሁ፣ ሰው እንዳይዋረድ። የዚያን ቀንም አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ 'ግራዝማች፣ እርስዎ ያውቁኛል' ልል። ግን የሽማግሌው ድምፅ የንቀት አልነበረም። ወዳጁን የሚጠራ ሰው ድምፅ ነበር። እርስዎ ብዬ ብለውጠው መሃላቸው አጥር ማጠር መሰለኝ። ስለዚህ እንዳለ አወጣሁት። አባትሽን አየኋቸው፣ ውድነሽ። መጀመሪያ አልተቆጡም። ዓይናቸው ረጥቦ ነበር። የተቆጡት ሰዉ ሲያጉረመርም ነው።»

ውድነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«እናንተ ቤት አይጠየቅም፣ እሺ» አለ ጉደታ። «የእኔና ያንቺ ቤትስ?»

ውድነሽ ነጠላውን ከፊቷ አነሳች። ገና በቃል ያልቆመ ቤት እንዲህ ባለቤት ሆኖ ሲጠራት ልቧ ቀለጠ።

«እጠይቃለሁ» አለች እንባዋን እየዋጠች። «ግን አልዋሽህም፤ ያመልጠኛል። ከአያቴ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ እኔ የመጣ ነው፤ ሳላስበው ይወጣል። እኔም ማወቄ ገና ትናንት ነው። አንድ ቀን ተናድጄ እርስዎ ስልህ... እባክህ አትረዳኝ። እንደ ሐሙሱ ተሳሳትልኝ። ባርኔጣህን አውልቅና ሳቅ። አንተ ስትስቅ ምን እንዳልኩ እሰማዋለሁ።»

ጉደታ ብዙ አያት። ከዚያ እጁ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ወጣ፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጆሮዬ ገና ዛሬ ዳነ፣ እልሻለሁ» አላት።

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን እንባ እንባ ይል ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች የግራዝማችን በር አንኳኩ። አንደኛው የጉደታ የሥራ ባልደረባ፣ አቶ ወልደጻድቅ ናቸው። ሁለተኛው፣ እትዬ አባይነሽን አፋቸውን ያስያዙት፣ ጥምጣማቸውን ያሳመሩት ከዲሮ ነበሩ። ጉደታ ራሱ ሄዶ ለምኗቸዋል። እንደ ወጉ ተቀመጡ ሳይባሉ አይቀመጡምና ቆመው የመጡበትን ተናገሩ።

ግራዝማች ከዘራቸውን ይዘው ሰሙ። ሲጨርሱ ወደ ከዲሮ ዞሩ።

«እርስዎ» አሉ። «ከእኔ ጋር ክስ አለዎት እንጂ ጉዳይ የለዎትም። የጢሰኛዬንም ልጅ እርስዎ አይድሩልኝም። በሩ ያውልዎ።»

ውድነሽ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰማች። ቀጥሎ የሚሆነውን አወቀችው። ሽማግሌዎቹ ይወጣሉ። ጉደታ ነገ አርቦዬ ይሄዳል። እሷና አባቷ በዚህ ቤት እርስ በርስ ውሃ እያቀባበሉ ያረጃሉ። ለመውጣት ስትነሳ እትዬ አባይነሽ ነጠላዋን ያዙ። ሽማግሌ በመጣበት ልጅቷ አትወጣም። ነጠላው እጃቸው ላይ ቀረ፤ ውድነሽ ወጣች።

አባቷ ፊት ተንበረከከች።

«አባዬ» አለች። «አኩርፈሃል?»

ግራዝማች ዞር ብለው ኋላቸውን አዩ። አንተ የተባለው ሰው ማን እንደሆነ ሊያዩ ነው። ማንም አልነበረም።

ከዲሮ ጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። «ሣህሌ፣ ሲን ጄቲ» አሉ በኦሮምኛ። አንተን ነው የምትለው።

«ምን ሆነህ ነው? ንገረኝ» አለች ውድነሽ፣ ጉልበታቸውን ይዛ። «ልጠይቅህ እየፈራሁ ነው ያደግሁት። እማዬን እግዜር ይማርሽ ልትላት ፈልገህ ነበር፤ አፍህ እምቢ አለህ። አይቼሃለሁ። የእኔም አፍ በዚህ ሳምንት እምቢ ብሎኝ ነበር፣ አባዬ፤ ያንተው ቃል ነው የወጣብኝ። ቁጣህን ቁጣ ነው ብለህ ስጠኝ፤ እችለዋለሁ። እርስዎን ግን አልችልም። ፈረሱን እኔ ነኝ ያስጠፋሁት። ይቅር በለኝ።»

ከዘራው ከግራዝማች እጅ ወደቀ። እሱን ለማንሳት ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ፈረሱ...» አሉ፣ ድምፃቸው ተቆርጦ። «እኔም በልጅነቴ... የአባቴን ፈረስ... ከእሱ ጋር ሆነን...» በጣታቸው ወደ ከዲሮ አመለከቱ። መጨረስ አቃታቸው። የልጃቸውን ራስ በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ሲረጋጉ ቀና ብለው ከዲሮን አዩ። የግራዝማችነት ማዕረግ ካገኙ ወዲህ ኦሮምኛ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም ነበር። አሁን ወጣ፤ ዝጎ የቆየ ቢሆንም ወጣ።

«ከዲሮ... አቲ» አሉ። «ታኢ።»

አንተ፣ ተቀመጥ ማለታቸው ነው። ሽማግሌ ተቀመጥ ከተባለ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነውና አቶ ወልደጻድቅ ፈጥነው «ተመስገን» አሉ። ከዲሮ ግን አልቸኮሉም። የወደቀውን ከዘራ አንስተው ለባለቤቱ ሰጡና አጠገባቸው፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ። የውሃው መንገድ ነገር ከዚያ ወዲያ ችሎት አልደረሰም።

«አንቺ ደግሞ» አሉ ግራዝማች፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ። «ምን ተንበርክከሽ ታይኛለሽ? ልጁ እዚያ ውጭ በብርድ ቆሞ እንደሆነ ጥሪው።»

አንቺ! ውድነሽ ቃሉን በሁለት እጇ የተቀበለችው ያህል ሆነች። ለፈረሱም፣ ለእናቷም፣ ለአክስቷ ቅመም የሌለው ወሬም፣ ከሁሉ በላይ ለዚያ ለተሳሳተ ጆሮ እግዚአብሔርን እያመሰገነች ወደ በረንዳው ወጣች።

ጉደታ አጥሩ ጥግ ቆሟል። ሲያያት ባርኔጣውን ለማውለቅ ጀመረና ፊቷን ማንበብ አቅቶት እጁ አየር ላይ ቀረ። ውድነሽ ነጠላ ሳትለብስ፣ በእንባ በራሰ ፊቷ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችው።

«እርስዎ» አለችው። «ይግቡ።»

ጉደታ ክው አለ። «የትኛው ነው?» አላት፣ በሹክሹክታ።

«ያኔ አንተ የሰማኸው» አለችው።